የጓሮ ዶሮና የጓሮ ጎመን

በአንድ ግቢ ውስጥ ዶሮና ጎመን አብረው መዋል የማይችሉ፣ ተለያይተውም መኖር የማይሆንላቸው ፍጥረታት ናቸው። ዶሮዋ አጥሩ ተከፍቶ ያገኘች እንደ ሆነ ትናንት የተተከለውን ችግኝ በአንድ ጧት ጭራ ሥሩን ለፀሐይ ትሰጠዋለች፤ የተረፈውንም ለጋ ቅጠል ለቅማ ትጨርሰዋለች። ያው መደብ ግን የዶሮ ኩስ ሳይደርሰው ሦስትና አራት ዓመት የታረሰ እንደ ሆነ አፈሩ ይከሳል፣ የጎመኑም ቅጠል እየገረጣ ይቀጭጫል። ዶሮዋም በበኩሏ ከመደቡ የሚነቀለውን አረም፣ ከጎመኑ የሚቀነጠሰውን ያረጀ ቅጠልና ከአፈሩ የሚወጣውን ትል ካላገኘች፣ በገበያ ከሚገዛ እህል በቀር የምትበላው ስለማይኖራት ለባለቤቷ ከጥቅሟ ይልቅ ወጪዋ ይበዛል። ስለዚህ የጓሮ ሙያ የሚባለው ሁሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ እነዚህን ሁለቱን በቦታ ለይቶ በጊዜ ማገናኘት ነው።

ሙያው በሀገራችን እንግዳ አይደለም። የዶሮ የመጀመሪያ አባቶች በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደን የሚኖሩት ቀይ የዱር ዶሮዎች መሆናቸውን የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ከዚያ ተነሥታ በሰው እጅ ወደ ምድራችን የገባችበት ዘመን እጅግ የራቀ መሆኑን ደግሞ ተመራማሪዎች በትግራይ መዝብር በተባለው ስፍራ፣ ከአክሱም መንግሥት መነሣት በፊት የነበረ የገበሬ መንደር ቆፍረው ያገኙት የዶሮ አጥንት ይመሰክራል፤ አጥንቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት መካከል የነበረ ነውና። ስለ አትክልቱም የተናገርን እንደ ሆነ፣ ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ከጎበኘ በኋላ ሀገራችንን ከዓለም የአዝርዕት መገኛዎች መካከል የቈጠራት ሲሆን፣ ቅጠሉ ለወጥ፣ ዘሩ ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ጎመን ዘር ከዚሁ ምድር የበቀለ የራሳችን ሀብት ነው። ድንች ግን ጀርመናዊው ሺምፐር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካስገባው ወዲህ የታወቀ፣ ቃሪያና ቲማቲምም ከአሜሪካ ምድር ተነሥተው በብዙ እጅ ተላልፈው የደረሱን ናቸው። ዛሬ በአንዲት ሴት ጓሮ ውስጥ ጌሾው፣ ጤና አዳሙና በሶብላው ከካሮቱና ከቆስጣው ጎን ለጎን በቅለው ስናይ፣ የብዙ አህጉር ታሪክ በአንድ አጥር ውስጥ ተሰብስቦ እያየን ነው።

ጓሮን ከእርሻ የሚለየው የስፋቱ ማነስ ሳይሆን ቅርበቱ ነው። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በገንዘብ ለመግዛት ወይም በሌላ ወይን ለመለወጥ የጠየቀው፣ በኋላም ያን ሁሉ ግፍ የሠራበት፣ ቦታው ለቤቱ ቅርብ ስለ ነበረና የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ስለ ተመኘ መሆኑን በመጽሐፈ ነገሥት እናነባለን፤ ግፉ የተወገዘ ቢሆንም ምኞቱ ግን የሚገባን ነው። በደጅ ያለ መደብ በማለዳ ፊትን እየታጠቡ የሚጎበኙት፣ ትሉ ገና ሁለት ቅጠል ሳይበሳ የሚታይበት፣ ሳሙና ያልገባበት የእህልና የአትክልት እጣቢ ሳይባክን የሚደርሰው ነው። ዶሮም እንዲሁ ናት፤ ማለዳ ከቆጧ ስትወርድ አረማመዷን ያየ ባለቤት፣ ክንፏን የጣለችውን ወይም ከጓደኞቿ ተለይታ በጥግ የቆመችውን በዚያው ሰዓት ለይቶ ያወጣታል። በሩቅ ያለ ሰው ይህን ሁሉ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

ዶሮ ለማርባት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ የሐበሻ ትሁን ወይስ የፈረንጅ የሚለው ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ40 እስከ 60 ቢደርስ ነው፤ እርሱም በመጠኑ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ አይታ በድምፅዋ ጫጩቶቿን የምትጠራ፣ ምግቧን ጭራ የምታገኝ፣ እንቁላሏን ራሷ ታቅፋ የምትፈለፍል ብርቱ ፍጥረት ናት። የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ በ1940ዎቹ በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉት ዝርያዎች ከገቡ ወዲህ እየተስፋፋች የመጣች ስትሆን፣ ዛሬ በየከተማው ስማቸው የሚነሣው ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ ናቸው። ቦቫንስ ብራውን የተመጣጠነ መኖ፣ ንጹሕ ውኃና በቂ ብርሃን ያልተጓደለባት እንደ ሆነ በዓመት እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች፤ የመታቀፍ ጠባይ ግን በዘር መረጣ ከውስጧ እንዲጠፋ ስለ ተደረገ ጫጩት ከእርሷ አይጠበቅም። እኔ እንደሚመስለኝ መኖ መግዛት የሚችልና እንቁላል የሚሸጥ ሰው የፈረንጇን ቢይዝ ያተርፋል፤ ከማድ ቤት ትርፍራፊ በላይ የሚሰጠው የሌለው ግን የሐበሻዋን ይዞ ቢቀር ይሻለዋል፤ የፈረንጇ ዶሮ ምግቧ ከጎደለባት እንቁላሏም አብሮ ይጎድላልና። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት መያዝም ይቻላል፤ በየገጠሩ ብልህ እናቶች የተሻለ ዝርያ እንቁላል ፈልገው ለሐበሻዋ ዶሮ ማስታቀፍን ከለመዱ ቆይተዋል።

የዶሮ ቤት ውድ መሆን የለበትም፤ ከእንጨትና ከጭቃ፣ ከአሮጌ ቆርቆሮም ቢሠራ ይሆናል፤ ደረቅ መሆን ግን አለበት። ወለሉ ላይ የጤፍ ጭድ ወይም ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይጎዘጎዛል፤ ይህም እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ኩሱንም ይቀበላል። ቤቱ መድረቁንና አለመድረቁን ለማወቅ የሚሻ ሰው ጧት በሩን ሲከፍት ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ወለሉ ያስጠጋ፤ ዓይኑን የሚያቃጥል ሽታ ከተነሣ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሲተነፍሱ ማደራቸውን ይወቅ፤ ጉዝጓዙን በዚያው ቀን ይለውጥ፣ ከጣሪያው ሥርም የአየር መውጫ ይክፈት። በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ዶሮ በላይ ማጨቅ ሽታውንም ጠቡንም ያበዛል። ቆጡ ከእንቁላል መጣያው ከፍ ብሎ መሠራት ይኖርበታል፤ ዶሮ በተፈጥሮዋ ከሁሉ ከፍ ወዳለው ቦታ ወጥታ ማደር ስለምትወድ፣ መጣያው ከቆጡ በላይ የሆነ እንደ ሆነ እዚያው አድራ እንቁላሉን በኩስ ታበላሸዋለች። በጥግ በኩልም አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ጉድጓድ ማዘጋጀት መልካም ነው፤ ዶሮ ቅማሏንና ቁንጫዋን የምታራግፈው በውኃ ሳይሆን በአቧራ ታጥባ ነው። መዝጊያው ግን የማይታለፍ ነገር ነው፤ ሸለምጥማጥ የአንዲት ሌሊት ቸልታን ጠብቆ፣ አንዲቷን በልቶ አሥሩን ገድሎ የሚሄድ አውሬ ነውና።

ስለ ምግቧ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንዲት እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ የምትጠጣው ውኃ በክብደት የዚህን እጥፍ ያህል ነው። በቆሎ ኃይል ይሰጣታል፣ የኑግ ፋጉሎ ሥጋዋንና እንቁላሏን ይሠራላታል፣ የስንዴ ፉርሽካ ይደግፈዋል። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ በምጣድ ታምሶና ተወቅጦ ቢሰጣት የነገው እንቁላሏ ቅርፊት ይጠነክራል፤ ቅርፊቱን ሳይወቅጡ እንዳለ መወርወር ግን የራሷን እንቁላል እየሰበረች መብላት ያስለምዳታል። ለሰው አልሆን ያለውን የሻገተ እህል ለዶሮ መስጠት በብዙ ቤት የተለመደ ክፉ ልማድ ነው፤ በሻጋታው ውስጥ ያለው መርዝ ጉበቷን ይጎዳል፣ ከእርሷም አልፎ ወደ እንቁላሉ ይደርሳልና መቅረት አለበት።

ከጓሮ ሥራ ሁሉ እጅግ ደስ የሚያሰኘኝ የማስታቀፍ ሥራ ነው። ዶሮዋ እንቁላል መጣሏን ትታ፣ ላባዋን አቁማ፣ ድምፅዋን ለውጣ ከመጣያው አልወርድ ስትል ጊዜዋ መድረሱ ይታወቃል። ያን ጊዜ እናቶች ሰፊ አፍ ባለው ገል ወይም በቅርጫት ውስጥ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዘው፣ ጨለም ባለ ጥግ ያኖሩላትና በማታ አምጥተው ያስቀምጧታል፤ በብርሃን የተዛወረች ዶሮ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች፣ በጨለማ የተዛወረች ግን ነግቶ ስታይ እንቁላሉን ከሥሯ አግኝታ ትረጋለች። የሚታቀፈው እንቁላል አውራ ካለበት መንጋ የተገኘ፣ ከተጣለ ከአሥር ቀን ያላለፈ፣ ያልታጠበ፣ መጠኑም መካከለኛ የሆነ ነው፤ እስኪታቀፍም ድረስ ሹሉ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 ያህል ይበቃታል፤ ከዚያ የበዛ እንደ ሆነ በዳር ያለው ይበርድና ሁሉም ተራ በተራ ይጎዳል። እርሷም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ወርዳ፣ በጥድፊያ በልታና ጠጥታ፣ በአመዱ ተንከባልላ ትመለሳለች፤ በቀረው ጊዜ መዓልትና ሌሊት በመንቁሯ እንቁላሉን እየገለበጠች 21 ቀን ትቀመጣለች።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን መመርመር ይቻላል። ቀድሞ በሻማ ይደረግ የነበረው ዛሬ በእጅ ስልክ መብራት ይደረጋል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ መዳፍን እንደ ጽዋ አጥፎ መብራቱን ከሥር፣ እንቁላሉን ከላይ ያደረጉ እንደ ሆነ፣ ሕይወት ያለበት እንቁላል ከመካከሉ ጥቁር ነጥብ፣ ከነጥቡም ዙሪያውን የሚዘረጉ ቀጫጭን ቀይ ደም ሥሮች ይታዩበታል፤ ትኵር ብሎ ላየውም ነጥቡ ይንቀሳቀሳል። ምንም የማይታይበት ጥርት ያለው ዘር የሌለው ነውና ተለይቶ ይወጣል። በ21ኛው ቀን ጫጩቷ በመንቁሯ ጫፍ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ በተሰጣት እንደ ጥርስ ያለች ቍራጭ ቅርፊቱን ትበሳለች፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዓት ዝም ትላለች፤ በዚህ ጊዜ የሚያዝን ልብ ያለው ሰው በጥፍሩ ቅርፊቱን ልጦ ሊረዳት ይነሣል፤ ነገር ግን ዝምታው ድካም ብቻ አይደለም፤ ጫጩቷ በቅርፊቱ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ላይ ያለውን ደምና የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዷ እየሰበሰበች ናትና ያለ ጊዜው የተላጠች ደምታ ትሞታለች። ያ በሆዷ የሰበሰበችው አስኳል እስከ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ያቆያታል፤ እናቲቱም የመጨረሻዎቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ የመጀመሪያዎቹን በክንፏ ሥር ይዛ የምትጠብቀው በዚሁ ጥበበ ፈጣሪ ነው። ጌታችን ለኢየሩሳሌም የነበረውን ፍቅር ለመግለጥ በወንጌል የመረጠው ይህችኑ ክንፏን የዘረጋችን ዶሮ መሆኑን ሳስብ፣ በጓሮ ያለውን ነገር ንቆ ማለፍ እንደማይገባ ይሰማኛል።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ግን፣ እንደ ልማዱ ከእናታቸው ጋር በሜዳ ከሚለቀቁት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ብርዱ፣ ጭልፊቱና ድመቱ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ለዚህ መድኃኒቱ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት እናቲቱን ከነልጆቿ በወንፊት ሽቦ በተከለለ ቦታ ማኖር ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ፈንግል ነው። ፈንግል በገባበት መንደር ዶሮዋ ክንፏን ትጥላለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፣ አንገቷም ይጠማዘዛል፤ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ቆጡ ባዶ ይቀራል። በተለይ የክረምቱ ዝናብ መግቢያ አካባቢ ይበረታል። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴን፣ “እማማ፣ ያቺን የታመመች ዶሮ ምን ሊያደርጓት ነው?” ብላቸው፣ “ምን አደርጋታለሁ ልጄ፣ ሳትሞትብኝ ቅዳሜ ገበያ አወጣታለሁ እንጂ” አሉኝ። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ በቤታቸው ያለችው ገንዘብ እርሷው ነበረች። ነገር ግን በሽታው ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከመንደር ወደ መንደር የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሞተችውንም ወደ ጎዳና መጣል እንዲሁ ነው፤ ጠልቆ በተቆፈረ ጉድጓድ መቀበር አለባት።

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ አረቄም ሳይቀር ለፈንግል ሲሰጥ አይቻለሁ፤ አንዱም አያድንም። ከያዛት በኋላ የሚያድን መድኃኒት በሐኪም ቤትም የለም። ያለው መከላከያ ክትባት ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም በሀገራችን የሚሠራ ነው። በዓይን የሚሰጠው ዓይነት አንድ ጠብታ ብቻ ነው፤ ዶሮዋን በብብት ይዞ፣ ራሷን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ጠብታው በዓይኗ ላይ ወድቆ እስኪሰርግና ዓይኗን እስክታርገበግብ ድረስ ጥቂት መቆየት ነው፤ በየሦስትና አራት ወሩም ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ በኋላ የማይቆይ ስለ ሆነ፣ አምስት ዶሮ ያላት አንዲት ሴት ብቻዋን ልታስከትብ ስትሄድ ይከብዳታል፤ የአንድ እድር ወይም የአንድ ማኅበር ሰዎች ግን ቀን ቆርጠው የእንስሳት ጤና ባለሙያውን በአንድነት ቢጠሩ ወጪው ለያንዳንዱ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አጥር ለአጥር በሚኖርበት መንደር የአንዱ ቤት ዶሮ ሳይከተብ ቀረ ማለት የሁሉም ቤት በር ክፍት ሆኖ አደረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ነገር እንምጣ፤ የጓሮን ሥራ ከሌላው ሀገር ጓሮ የሚለየው በእኛ ዘንድ ከቀን መቍጠሪያው ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። ጾም የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ውስጥ ከ180 የሚበልጡ ቀናት እንቁላልም ዶሮም አይቀምስም፤ ዶሮዋ ግን በጾም መጣሏን አትተውም። ስለዚህ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት እንቁላል በየቤቱ ይጠራቀማል፣ ዋጋውም በገበያ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አስተዋይ የሆነች ባልትና አዋቂ የፈረንጇን እንቁላል ለሙስሊም ጎረቤቶቿ ትሸጣለች፣ የሐበሻዋን ታስታቅፋለች። ትንሣኤ በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ከመጋቢት 26 በፊት ከሚያዝያ 30 በኋላ የማይውል ስለ ሆነ፣ ለፋሲካ ገበያ የሚደርስ አውራ ዶሮ ለማውጣት የሚሻ ሰው ጫጩቱን በመስከረምና በጥቅምት ማስፈልፈል ይኖርበታል፤ የሐበሻ አውራ ሥጋ እስኪይዝ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅበታልና። ይህ ጊዜ በሌላም ምክንያት የተባረከ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ምድሩ ደርቋል፣ ከዚያም ተከትሎ አዝመራ ሲሰበሰብ ጫጩቶቹ ከአውድማው ዙሪያ የወደቀውን እህል እየለቀሙ ያድጋሉ። በሰኔ የተፈለፈለው ግን ብርዱና ጭቃው ይጠብቀዋል። በፋሲካ ሌሊት በ12 ብልት ተቈራርጣ፣ በሎሚና በጨው ታጥባ ወደ ድስት የምትገባው ዶሮ ታሪኳ የተጀመረው መስቀል በተከበረበት ሰሞን ነው።

የጎመኑ ቀን መቍጠሪያ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዶሮ ፍስክን ታገለግላለች፣ ጎመን ጾምን ያገለግላል። ዐቢይ ጾም የሚገባው በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ፣ ይኸውም ምድር በደረቀችበትና በገበያ ቅጠል በሚወደድበት ወራት ስለ ሆነ፣ ለጾሙ ጎመን የሚሻ ሰው ዘሩን በኅዳር መዝራት አለበት። ዘሩ በትንሽ መደብ ተበትኖ፣ በስሱ አፈር ተሸፍኖ፣ ሣር ተጎዝጉዞበት ይበቅላል፤ አራት አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ አራት ያህል እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ በማታ ተነቅሎ ሁለት ሁለት ስንዝር ተራርቆ ይተከላል። በጧት የተተከለ ችግኝ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ በማታ የተተከለው ግን ሌሊቱን ሥሩን ይሰዳል። ጎመን ሲቈረጥ ከታች ካረጀው ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ በመሃል ያለው ለጋ ቡቃያ ካልተነካ አንዱ እግር ወራት ሙሉ ሳይሰለች ይሰጣል። ብዙ ሰው ግን የሚያምረውን ለጋውን ቀንጥሶ ተክሉን ያስቀረዋል። ካሮት ሥሩ ስለሚጣመም መዛወር አይወድም፤ በተዘራበት ላይ ማሳሳት ብቻ ነው። ቲማቲም በክረምት ዝናብ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ ስለሚበረታበት የበጋ ተክል ነው፤ ድንችን ግን ብዙዎች ክረምቱን ተማምነው ይተክሉታል፣ ያው በሽታም አንዳንድ ዓመት ያሳዝናቸዋል። የጎመን ክሽክሽ ሲነሣ የእንጨት አመድ በጤዛ ቅጠል ላይ መነስነስ የቆየ ልማድ ነው፤ እኔ ግን ከአመዱ ይልቅ ቅጠሉን ገልብጦ በየጧቱ በጣት መጥረግ የበለጠ ሲጠቅም አይቻለሁ። መደቡ ምርቱን ጨርሶ በሚታረስበት ሳምንት ደግሞ አጥሩ ለዶሮዎቹ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሥሩን ሁሉ ጭረው፣ ትሉንና የትሉን እንቁላል ለቅመው፣ አረሙን አጥፍተው ያወጡታል፤ ዶማ ይዞ የሚሠራ ሰው እንደዚያ አያጠራውም።

የዶሮ ኩስ ከላምና ከፍየል ፍግ ይልቅ ብርቱ ነው፤ ብርቱ በመሆኑም ትኩሱን በተክል ሥር ያደረገ ሰው ሥሩን ያቃጥለዋል። ጥሬውን በሰላጣና በካሮት መደብ ላይ መበተን ደግሞ ለሰው ጤና የሚያሰጋ ነው፤ በኩሱ ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለው ተሐዋስ ሊኖር ይችላልና። ስለዚህ ጊዜ ይሰጠዋል። ከዶሮ ቤቱ የሚወጣው ጉዝጓዝ ከነኩሱ በአንድ ጥግ ይከመራል፤ ኩሱ ብቻውን የበዛ እንደ ሆነ ደረቅ ቅጠልና ጭድ ይታከልበታል፤ ውኃም ይረጭበታል፣ ነገር ግን በእፍኝ ተይዞ ሲጨመቅ ጠብታ እስከሚያወጣ ድረስ አይደለም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አንድ ረጅም ብረት ወደ ክምሩ መካከል ሰክቶ ጥቂት አቆይቶ ያወጣ ሰው ብረቱን በእጁ መያዝ ያቅተዋል፤ ያ ሙቀት የአረሙን ዘርና ክፉውን ተሐዋስ የሚያጠፋው ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከውጭ ያለው ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ሦስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ፣ ጭዱ ከኩሱ የማይለይ፣ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የዝናብ አፈር ሽታ የሚሸት ነገር ይሆናል። በየካቲት የተከመረው በግንቦት ደርሶ ለክረምቱ ድንችና ሽንኩርት ይውላል።

ይህን ሁሉ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። በገጠሩ ቤት በሬና ማሳ በባል እጅ ያሉ እንደ መሆናቸው መጠን፣ የእንቁላል ገንዘብ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዘው ብቸኛ ገንዘብ ነው፤ ጨውና ሳሙና፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ከእርሱ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን እንቁላሉ ሁሉ ተሽጦ ለሕፃኑ አንድም ሳይቀር መቅረቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ጡት ከመጥባት ወደ እህል የሚሸጋገር ሕፃን ሆዱ ትንሽ ነው፤ በዚያ ትንሽ ሆድ ውስጥ የሚገባው ገንፎ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ይጠግባል እንጂ አያድግም። ከገንፎው ጋር አንድ የተቀቀለ እንቁላልና በደንብ የበሰለ፣ በቅቤ ወይም በዘይት የተለወሰ ጥቂት ጎመን ወይም ካሮት ቢታከል ግን የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ያገኛል፤ ዘይቱም በቅጠሉና በካሮቱ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ሰውነቱ እንዲቀበለው ያደርጋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት በኩል የሌማት ትሩፋት በሚል ስም ዶሮና ወተት፣ ማርና ዓሣ በየቤቱ እንዲበዛ እየተደረገ ያለው ጥረት በጎ ነው፤ ከሚታደለው ጫጩት ጋር ይህ የአመጋገብ ትምህርት ለእናቶችም ለአባቶችም እኩል ቢሰጥ ደግሞ እጅግ በበጀ ነበር፤ እንቁላሉ ለገበያ ይውጣ ወይስ ለልጁ ይቅር የሚለው ክርክር በእናቲቱ ብቻ የሚቈረጥ አይደለምና።

በከተማ ቦታው ጠባብ ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ዶሮ ማርባት ባይሆንለትም፣ በአሮጌ ጆንያና በተቀደደ ባልዲ ውስጥ አፈርና የበሰለ ፍግ ሞልቶ፣ ከሥሩ የውኃ መውጫ በስቶ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ቆስጣና ሰላጣ፣ በሶብላና ቃሪያ ማብቀል ይችላል፤ ጆንያው በጎኑም እየተቀደደ ችግኝ ሲተከልበት በአንድ ክንድ ቦታ አሥር እግር ጎመን ይይዛል። ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ከሦስት ወይም ከአራት ሴት ዶሮ ቢጀምር ይበቃዋል። በዚህ በኩል ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማስታወስ ይገባል፤ እንቁላል እንዲጥሉ አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ ቄቧ ጊዜዋ ሲደርስ ብቻዋን ትጥላለች፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው። በገጠር የማኅሌትና የጉዞ ሰዓት መለያ የነበረው የአውራ ዶሮ ጩኸት፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዘ ሰፈር ሕመምተኛን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስና ጎረቤትን የሚያስቀይም ስለ ሆነ፣ ሴቶቹን ብቻ ማርባት ለሰላሙ የተሻለ ነው፤ ሊያስታቅፉ የፈለጉ ጊዜም ሰፋ ያለ ግቢና አውራ ካለው ዘመድ ዘንድ እንቁላል በእንቁላል መለወጥ ይቻላል።